ደረጃ፣ ሱቅ፣ ፎቅ፦ በካርቱም የንግድ ቀጠና የመኖሪያ ታሪክ

መግቢያ

አማርኛ ከዐረብኛ ጋር ከሚጋራቸው ቃላት መካከል ሦስቱ የካርቱምን ታሪክ ለመከታተል ይረዳሉ። «ደረጃ» በሁለቱም ቋንቋዎች መወጣጫም ማዕረግም ነው። «ሱቅ» በዐረብኛ ገበያው በሙሉ ሲሆን በአማርኛ ግን አንዱን መደብር ብቻ ይጠራል፤ ለአንዱ መደብር ሱዳናውያን «ዱካን» ይላሉ። «ፎቅ» በዐረብኛ «በላይ» ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ከመሬት በላይ ያለው ቤት መጠሪያ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የካርቱም የመሬት ደንብ ሲወለድ ዋነኛ ጉዳዩ ሰው ከሱቅ በላይ መኖሩ ወይም አለመኖሩ አልነበረም፤ ማን፣ በምን ዓይነት ግድግዳ ውስጥ፣ ለስንት ጊዜ ይኖራል የሚለው ነበር። በጦርነት የፈረሰው መሀል ከተማ እንደገና በሚታሰብበት በአሁኑ ወቅት ይህን መለየት አስፈላጊ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንዝ ዳር ደረጃ

በቱርክና ግብጽ አገዛዝ ዘመን ያደገችው ካርቱም በ1885 በማህዲስቶች እጅ ወደቀች፤ መዲናነቱም ወደ ኦምዱርማን ተሻገረ። ከካራሪ ጦርነት በኋላ፣ በ1898፣ ኪችነር ከተማዋ እንደገና እንድትሠራ አዘዘ። ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ እነሱንም በሰያፍ የሚያቋርጡ ጎዳናዎች ተቀየሱ። ቤተ መንግሥቱና ጽሕፈት ቤቶቹ ከእኛው ከጥቁር ዓባይ ዳር ተደረደሩ፤ ንግዱ ከጀርባቸው ሰፈረ። የከተማዋ መሐንዲስ ማክሊን የካርቱምንና የኦምዱርማንን ፕላን በ1910 ለንደን ላይ ለተካሄደ የከተማ ፕላን ጉባኤ አቅርቧል።

በዚህ ሥርዓት መሬቱ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፈለ። አንደኛው ለወንዙ ይቀርባል፤ ሰፊ ቦታ፣ ጡብን የመሰለ ዘላቂ የግንባታ ዕቃ እና ረጅም የሊዝ ዘመን ነበረው። ሦስተኛው ጠባብ ነው፤ ጭቃ ይፈቀድለታል፤ የሊዝ ዘመኑ ግን ያጥራል። ከሦስቱም ውጭ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ የጉልበት ሠራተኛው የሚያድርባቸው «ደይም» የሚባሉ ሰፈሮች ነበሩ። ቃሉ በሱዳን ዐረብኛ የጦር ወይም የንግድ ካምፕን ያመለክታል። የእኛም «ሰፈር» ከመስፈር፣ ማለትም ድንኳን ከመትከል የመጣ ነው። ልዩነቱ፣ ሰፋሪው በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ በቦታው ጸንቶ ሰፈሩን በስሙ ሲያስጠራ፣ የደይም ነዋሪ ግን ለረጅም ጊዜ በካምፕ እንዳለ ሰው ተነሺ ሆኖ መቆጠሩ ነው።

በላይ ማን ኖረ?

በመሀል ከተማ ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖችና ግብጻውያን ነጋዴዎች ከታች መደብር፣ ከላይ መኖሪያ ያላቸውን ባለ በረንዳ ሕንጻዎች ሠሩ። ግንቡ ጠንካራ፣ ውሉም ረጅም ስለነበረ ሥራንና ኑሮን በአንድ ጣሪያ ሥር ማዋላቸው እንደ ጥፋት አልታየም። በደይሙ ደግሞ አንዲት ሴት በአንዲት ክፍል ታበስላለች፣ ትሸጣለች፣ ትተኛለች። ድርጊቱ አንድ ነው፤ የፊተኛው ልማት፣ የኋለኛው ግን የጤናና የሥርዓት ችግር ተባለ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የድሮዎቹ ደይሞች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ አዲሶቹ ደይሞች ተዛወሩ።

ከነጻነት በኋላም የደረጃው አስተሳሰብ አልጠፋም። ግሪካዊው ፕላን አውጪ ዶክሲያዲስ በ1950ዎቹ መጨረሻ ባዘጋጀው ፕላን ከተማዋ ወደ ደቡብ እንድታድግ ሐሳብ አቀረበ። በደይሙ አጠገብ አንደኛ ደረጃ የሆነው አል ዓማራት ተስፋፋ፤ ስሙ በዐረብኛ «ሕንጻዎቹ» ማለት ነው። በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበን መሬት በሙሉ የመንግሥት አደረገ። ነዳጅ ከ1999 ጀምሮ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ደግሞ የዓማራት ግቢዎች ወደ ቢሮ፣ ወደ ምግብ ቤትና ወደ አፓርታማ ተለወጡ። በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ፣ በሙግራን፣ የመስታወት ሕንጻዎች ቆሙ።

በዚያው ዘመን ደይም የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ሰፈር ሆኖ ታወቀ። ቡና የሚቆላበት፣ እንጀራ የሚሸጥበት የፊት ክፍል «ሱቅ» ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው «ቤት» ነው። ዐረብኛው «ሱቅ» ሲል መላውን ገበያ እንደ አንድ ቀጠና ያያል፤ አማርኛው ግን ሱቅን ከቤት ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። በካርታ ላይ ንግድን በአንድ ቀለም፣ መኖሪያን በሌላ ቀለም የሚቀባ ደንብ ይህን ክፍል በየትኛው ቀለም ይቀባዋል?

ከፍርስራሹ በኋላ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት መሀል ካርቱምን የውጊያ ሜዳ አደረገው፤ ሱቅ አል ዐረቢን የመሰሉ ነባር ገበያዎች ወደሙ። ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። አሁን ባለይዞታው ካርታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሱቅ በላይ ወይም ከሱቅ ጀርባ በቃል ውል የተከራየው ግን የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ደንቡ በግንቡና በሊዙ ደረጃ ብቻ ከተመለሰ እሱ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ለንጽጽር ይጠቅማል። በምድር ቤቱ ያሉት ሱቆች በጨረታ ይሸጡ ነበር፤ ገቢው ከላይ ያሉትን ቤቶች ለመደጎም ታስቦ ነው። ቅይጥ አገልግሎት በደንብ ሊፈቀድ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ሆኖም ጨረታው አቅም ያለውን ይመርጣል፤ ከላይ የሚኖረውና ከታች የሚነግደው አንድ ሰው መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ በካርቱም የሚጻፈው አዲስ ደንብ በንግድ ቀጠና አፓርታማ መፍቀዱ ብቻውን አይበቃም። ከባለይዞታው ጋር ተከራዩን መመዝገብ፣ በሱቅ ጀርባ ያለውንም ክፍል መኖሪያ ብሎ መቁጠር አለበት። ያለዚያ ፎቁ ይሠራል፤ ተከራዩ ግን እንደ ድሮው የደይም ሰው ከከተማዋ ጠርዝ ወዲያ ይገፋል።