የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም

በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል የሚገኝ ሙዚየም። የጥንተ ሕይወት ቅሪቶችን፣ የአርኪኦሎጂ ግኝቶችን፣ የነገሥታት ቅርሶችንና ሥዕሎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል።

ስመ ጥሩ ክፍሉ ድንቅነሽ (ሉሲ) የምትታይበት ምድር ቤት ነው። የዚህች ጥንታዊ የሰው ዘር አፅም እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ክልል ሐዳር ላይ ተገኘ፤ ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን ከመላ አካሏ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንቶች በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር ያሳያሉ፤ የራስ ቅሏ ግን ትንሽ ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ከአእምሮ ማደግ በብዙ እንደሚቀድም ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አፅም በሙዚየሙ ካዝና ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ሲታይ ቆይቶ በ2013 ተመልሷል፤ ጉዞው ለአጥንቶቹ ደኅንነት በሰጉ ተመራማሪዎች ዘንድ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። በዚሁ ምድር ቤት ብዙ ጎብኚ ሳያስተውላቸው የሚያልፋቸው የጠፉ እንስሳት ቅሪቶችም አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ባለ ሰይፍ ጥርስ አውሬና ግዙፍ አሳማ ይገኙበታል።

በላይኞቹ ፎቆች ከአክሱም በፊት የነበሩ የትግራይ የድንጋይ ቅርሶች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለ ቅርፃ ቅርፅ የእንጨት ዙፋን፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች፣ እንዲሁም የልዩ ልዩ ሕዝቦች አልባሳት፣ ጌጣጌጦችና የሙዚቃ መሣሪያዎች ይታያሉ።