የሰባተኛ ቀን ባፕቲስቶች ጠቅላላ ጉባኤ

በአሜሪካና በካናዳ ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ የባፕቲስት አጥቢያዎች ኅብረትና የዓመታዊ ስብሰባቸው መጠሪያ ነው። ባፕቲስት የሚባለው፣ ጥምቀት አምኖ ለሚመሰክር ሰው ብቻ የሚገባና በውኃ ውስጥ በመጥለቅ የሚፈጸም መሆኑን የሚያስተምር የፕሮቴስታንት ወገን ነው። እነዚህ ባፕቲስቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ተነሥተው፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1671 በኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ የመጀመሪያውን የአሜሪካ አጥቢያቸውን ሲያቋቁሙ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በ1802 ተመሠረተ። ብዙ ጊዜ የአድቬንቲስቶች ቅርንጫፍ ተደርገው መታየታቸው ስሕተት ነው፤ የአድቬንቲስት አቅኚዎች በ1840ዎቹ የሰንበትን ትምህርት የተቀበሉት ከእነርሱ ነውና።

እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን የሚያስተዳድር በመሆኑ ጉባኤው ቋሚ የመሰብሰቢያ ስፍራ የለውም፤ ለአንድ ዓመት የሚመረጠው ፕሬዚዳንት የዓመቱን መሪ ቃል መርጦ ዝግጅቱን ሲመራ፣ ስብሰባው በበጋ ወራት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ለአንድ ሳምንት ያህል ይካሄዳል። ማደሪያ፣ መመገቢያና አዳራሽ በአንድ ግቢ ስለሚገኝ የኮሌጅ ግቢዎች ይመረጣሉ። ከእነዚህም መካከል በምዕራብ ኒውዮርክ በደን በተሸፈኑ ኮረብቶች መካከል ያለችው የአልፍሬድ መንደር የተለየ ስፍራ አላት፤ በ1836 ትምህርት ቤት ከፍተው ዛሬ በመንደሯ ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ መሠረት የጣሉት ራሳቸው የሰባተኛ ቀን ባፕቲስቶች በመሆናቸው፣ ወደዚያ የሚጓዝ ተሰብሳቢ የአባቶቹን ሥራ በዚያ ያገኛል። የስብሰባው ሌሎች ቀናት የሥራ ስብሰባና የስብከት ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ግን ለአምልኮ ብቻ ይለያል።