ከራውሼ እስከ ጢሮስ፦ በሊባኖስ ምድር የእንግዶች ታሪክ

የኢትዮጵያ ሰው የሊባኖስን ምድር በእግሩ ሳይረግጥ በጆሮውና በዓይኑ ያውቀዋል። ዳዊት የደገመ ሁሉ የሊባኖስን ዝግባ ስም ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ይዞ አድጓል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል የተሳለመ ምእመንም በዛፍ ላይ ተጠግታ የምትታየውን ልጃገረድ ማንነት ቢጠይቅ «ብሩታዊት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም የቤሩት ልጅ ማለት ነው። በሸዋም አስቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1445 ዓ.ም.፥ ደብረ ሊባኖስ ተብሏል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ የአንድን ሀገር ስም ማወቅ ሌላ፥ ታሪኩን ማወቅ ሌላ ነው። በሊባኖስና በኢትዮጵያ መካከል ያለው ታሪክ የነገሥታት ጦርነት ወይም የነጋዴዎች ውል ታሪክ አይደለም፤ ይልቁንም በሰው ቤት የገቡ እንግዶች ታሪክ ነው። ከዚህ ጠረፍ ወደ አክሱም የተወሰዱ ሕፃናት አሉ፤ ከኢትዮጵያ ወገንም ወደዚህ ጠረፍ የመጡ አገልጋዮችና መነኮሳት አሉ። መንገደኛው በየከተማውና በየገጠሩ ሲዘዋወር ፍርስራሹን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ፥ እነዚህ እንግዶች እንዴት እንደ ተቀበሏቸው ቢያስብ ጉዞው ፍሬ ያፈራለታል።

ራውሼ የቤሩት ምዕራባዊ ዳር ነው። ከገደሉ በታች በባሕሩ ውስጥ ሁለት ታላላቅ የኖራ ድንጋይ ዐለቶች ቆመዋል፤ ሕዝቡም የርግብ ዐለት ይላቸዋል። የሥፍራውን ስም አንዳንዶች ዐለት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፥ ሌሎች ደግሞ ራስ ከሚለው የአራማይስጥ ቃል ያመጡታል፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ቃሉ ከግእዙ «ርእስ» ጋር ወንድማማች ነው። በዚህ ገደል ሥር በተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ምስክርነት፥ ከተማይቱ ከመቈርቈሯ እጅግ አስቀድሞ ሰው በአካባቢው ይኖር ነበር። የቤሩትን የመንፈስ ታሪክ የሚሻ ግን ባሕሩን በስተግራ ትቶ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ጥንታዊው የከተማ መካከል መሄድ ይገባዋል።

በዚያ ሥፍራ በሮማውያን ዘመን ስመ ጥር የሕግ ትምህርት ቤት ነበረ። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ533 የሕግ ትምህርት እንዲሰጥባቸው ከፈቀደላቸው ሦስት ከተሞች ሁለቱ ሮምና ቍስጥንጥንያ ሲሆኑ ሦስተኛይቱ ቤሩት ነበረች። የሕጉንም ታላቅ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ዶሮቴዎስ የቤሩት መምህር ነበር። በ551 ግን ጽኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን አፈረሳት፤ ባሕሩም ተነሥቶ አጥለቀለቃት፤ ትምህርት ቤቱም ወደ ሲዶና ተዛወረ። ዛሬ ሥፍራው በቅዱስ ጊዮርጊስ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አቅራቢያ እንደ ነበረ ይገመታል።

በቤተ ክርስቲያናችን የካቲት 14 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ በዚህ ትምህርት ቤት ሕግ የተማረ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ወደ ቤሩት ሲመጣ ገና ጥምቀትን አልተቀበለም ነበር። የትምህርት ጓደኛው የነበረው ዘካርያስ በጻፈለት ገድል እንደሚነግረን፥ ክርስቲያን ተማሪዎች የዕለት ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ማታ በትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር፤ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ እሑድ ድረስም የሕጉን መጽሐፍ አስቀምጠው የአባቶችን መጻሕፍት ያነቡ ነበር። ሳዊሮስም በ488 በትሪፖሊ፥ በሰማዕቱ በቅዱስ ሌዎንትዮስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። በኋላ የአንጾኪያ ፓትርያርክ ሆነ፤ ስለ ሃይማኖቱም ተሰዶ በ538 በግብፅ ምድር ዐረፈ።

በዚሁ ገድል ውስጥ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያዝን ሊያልፈው የማይችል አንድ ታሪክ ተጽፏል። ከሕግ ተማሪዎች አንዱ፥ ከግብፅ ከቴቤስ የመጣ ዮሐንስ የተባለ ሰው፥ አንዲት ንጽሕት ሴት ወዶ በአስማት ሊያስገድዳት ፈለገ። ጥንቈላውን ያስተማሩትም ሰዎች መሥዋዕት እንደሚያስፈልግ ነገሩት፤ እርሱም በቤቱ የሚያገለግለውን ኢትዮጵያዊ ባሪያ በእኩለ ሌሊት በፈረስ መሮጫው ሜዳ ሊያርደው ቈረጠ። በዚያ ዘመን በግሪክ ቋንቋ «ኢትዮጵያዊ» የሚባለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስለ ነበር፥ የሰውየውን መንደር ለይቶ መናገር አይቻልም። ሊታረድ በተቃረበበት ሰዓት ግን መንገደኞች በዚያ አለፉ፤ ገዳዮቹ ደንግጠው ሸሹ፤ እርሱም ከሞት አመለጠ።

ከዚያ በኋላ ይህ አገልጋይ የሆነውን ሁሉ ለጌታው ወገን ለሆነ አንድ ክርስቲያን ነገረው። ዘካርያስና ጓደኞቹም ወደ ዮሐንስ ቤት ሄደው መጻሕፍቱን ፈለጉ፤ ነገር ግን አላገኟቸውም፤ በመቀመጫ ውስጥ ተሸሽገው ነበርና። የተሸሸጉበትን ሥፍራ የገለጠው ያው ከመታረድ የተረፈው ባሪያ ነው። መጻሕፍቱ ተገኝተው በእሳት ተቃጠሉ፤ ዮሐንስም በግንባሩ ተደፍቶ እያለቀሰ ምሕረት ለመነ።

እነሆ፥ በቤሩት ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ በጌታው ቤት ከበግ ያነሰ ዋጋ ተሰጥቶት ነበር፤ የከተማይቱን ጥንቈላ ያጋለጠው ግን የእርሱ ምስክርነት ነው። ሊቃውንቱ ሕግን ከመጽሐፍ ይማሩ ነበር፤ ሕግ ያልጠበቀው ይህ ሰው ግን እውነትን ተናገረ። ገድሉ የሳዊሮስን፥ የጓደኞቹን፥ የጥንቈለኛውንም ስም አቆይቶልናል፤ የአገልጋዩን ስም ግን አልነገረንም።

ከቤሩት ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ መጽሐፍ ቅዱስ ጌባል የሚላት፥ ግሪኮች ቢብሎስ ያሏት፥ ዛሬ ጁበይል የምትባል ከተማ ትገኛለች። በዚያ በ1923 የንጉሥ አኪራም የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ተገኝቷል፤ በላዩም ከፊንቄ ፊደል ቀደምት ጽሕፈቶች አንዱ ተቀርጾበታል፤ አሁን በቤሩት ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል። የግእዝ ፊደል በደቡብ ዓረብ በኩል ከዚሁ ግንድ የወረደ ስለ ሆነ፥ «አልፍ»ንና «ቤት»ን የቈጠረ ካህን በዚህ ሣጥን ፊት ሲቆም የዘመዱን ፊት እንዳየ ሰው ይሆናል።

ሳዊሮስ ከተጠመቀባት ከትሪፖሊ መንገዱ ከባሕር ተለይቶ ወደ ተራራው ይወጣል። ከዝግባው ደን በታች የቀዲሻ ሸለቆ አለ፤ ስሙ በሱርስት «ቅዱስ» ማለት ነው፤ ግእዝ ለሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም። ዋሻዎቹና በገደል ላይ የተሠሩት ገዳማት ከጥንት ጀምሮ የባሕታውያን መጠጊያ ነበሩ። ሸለቆውና የዝግባው ደን በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል።

በ15ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዚህ አካባቢ ይኖሩ ነበር። የማሮናውያን ፓትርያርክና ታሪክ ጸሐፊ እስጢፋኖስ ዱወይሂ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ መዘገበው፥ በኤህደን በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተቀምጠው ነበር። በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ግን የሃይማኖት ክርክር በተራራው ተነሣ፤ ማሮናውያን በአንድ ወገን፥ ሶርያውያን ያዕቆባውያንና ከእነርሱ ጋር የነበሩት ኢትዮጵያውያን በሌላ ወገን ሆኑ፤ ፍጻሜውም መነኮሳቱ ሥፍራውን ለቀው መሰደዳቸው ሆነ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንደሚባለው፥ ገዳሙ በዓረብኛ «የሐበሾቹ ቅዱስ ያዕቆብ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። በሸዋ ገዳሙ ደብረ ሊባኖስ በተባለበት መቶ ዓመት፥ በሊባኖስ ተራራ ራሱ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይጸልዩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ እንመለስ። ከቤሩት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሲዶና አለች፤ ከሲዶና ወደ ጢሮስ ሲወርዱም ሰራፕታ፥ የዛሬዋ ሰረፈንድ፥ ትገኛለች። ነቢዩ ኤልያስ በረሃብ ዘመን የመጣው ወደዚህች መንደር ነው። የተቀበለችው መበለት ለራሷና ለልጇ ከእፍኝ ዱቄትና ከጥቂት ዘይት በቀር አልነበራትም፤ ቢሆንም ለማያውቁት እንግዳ አስቀድማ ጋገረች፤ ማሰሮዋም አልጐደለም።

ከዚያ አልፎ፥ ከቤሩት 80 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፥ ጢሮስ አለች። በዚህች ከተማ ታላላቅ የሮማውያን ዓምዶችና ሰፊ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ይታያሉ፤ ስሟም በ1984 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ከዓምዶቹ የሚበልጥ ነገር አለባት። በ4ኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት የዘመድ ልጆችን፥ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፥ ይዞ በባሕር ሄደ፤ ሁለተኛውን የሀገራችን ትውፊት ሲድራኮስ ይለዋል። በመልስ ጉዟቸው ለውኃና ለስንቅ ወደብ በገቡ ጊዜ የሀገሩ ሰዎች በመርከቡ የነበሩትን ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አገኟቸው፤ ራርተውም ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን የመዛግብቱና የጽሕፈቱ ኃላፊ አደረገው። ሲሞትም ነጻ ለቀቃቸው። መበለት የሆነችው ንግሥት ግን ልጇ ሕፃን ስለ ነበር እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲጠብቁላት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚህ ሥልጣኑ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አደረገ። ልጁ ባደገ ጊዜ ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲሾምለት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ቀብቶ መለሰው። እኒህ አባት ሐምሌ 26 ቀን የምናስባቸው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው። ኤዴስዮስም በጢሮስ ቅስና ተቀበለ፤ ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ሁሉ ከእርሱ አንደበት እንደ ሰማ ጽፏል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን የልደት ዜና በጢሮስ ቄስ አፍ ተነግሮ የደረሰን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መበለታት አስተያይ። የሰራፕታይቱ ድኻ መበለት ከባዕድ የመጣውን ነቢይ ተቀበለች፤ ቤቷ ከረሃብ ዳነ። የአክሱሟ ንግሥት የዚሁ ጠረፍ ልጆች የሆኑትን ምርኮኞች አመነች፤ ሀገሯ ብርሃን አገኘች። የቤሩቱ ተማሪ ግን በቤቱ ያለውን እንግዳ ሊያርድ ተነሣ፤ ኀፍረትንም አተረፈ። በረከትም ሆነ ፍርድ ወደ ቤት የሚገባው በእንግዳው እጅ መሆኑን እነዚህ ሦስት ቤቶች ያስረዳሉ።

ይህ ነገር የጥንት ዜና ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዘመናችን እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያት በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ሆነዋል። የሀገሪቱ የ1946 የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል፤ «ከፋላ» የሚባለውም ሥርዓት የሠራተኛይቱን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስተሳስራል። ጥር 25 ቀን 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቤሩት ተነሥቶ ወዲያው በባሕር ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች ሁሉ ሲሞቱ፥ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች አብረው ዐልቀዋል። በ2020ም የሀገሩ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ በርካታ ሴቶች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ተጥለው ታይተዋል። በጎ አሠሪዎች የሉም ማለት አይደለም፤ በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሕይወት ግን ሕግ የሌለው ሕይወት ነው። የሕግ እናት በተባለች ከተማ ይህ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚያልፍ ተሳላሚ ሁለት ነገር ያድርግ። መጀመሪያ ጢሮስና አካባቢዋ በ2024 ጦርነት የቦምብ ድብደባ ስለ ደረሰባቸው፥ ወደ ደቡብ ከመውረዱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ። ሁለተኛም በየቤተ ክርስቲያኑ ሻማ ሲያበራ ስሙ ላልተጻፈለት ለዚያ አገልጋይና በየቤቱ ለሚያገለግሉ እኅቶች ይጸልይ፤ በደጅ የምትቀመጥ የሀገሩን ልጅ ቢያገኝ ስሟን ጠይቆ ይያዝ፥ ደብዳቤም ቢኖራት ለቤተሰቧ ያድርስላት። ወደ ገዳሙ የሚመለስ መነኩሴም በማኅበሩ ጸሎት ስሟን ያንሣ። አባ ሰላማ ምርኮኛ ሳሉ ስማቸውን የጠየቃቸውና የተማረውን ልጅ ያወቀላቸው ቤት ባይኖር ኖሮ፥ እኛ ዛሬ በስማቸው የምንጠራቸው አባት አይኖሩንም ነበር።