ቁጥርና ስም፦ የኤልኤስፒሲአይ አጭር ታሪክ



የሶፍትዌር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሱት ግዙፎቹ ሥርዓቶች ናቸው። ዛሬ የማነሣው ግን ኤልኤስፒሲአይ የተባለ ትንሽ የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። ሥራው በኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰኩትን መሣሪያዎች ለይቶ በየስማቸው መዘርዘር ነው። ታሪኩ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከፕሮግራሙ ይሰፋል፤ የገዛነው ዕቃ ምን እንደ ሆነ የሚነግረን ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ በወረሰው፣ ኋላ አይኤስኤ ተብሎ በታወቀው የመሰኪያ ሥርዓት፣ ካርዶች ማንነታቸውን የሚገልጹበት የጋራ ደንብ አልነበረም። ባለቤቱ በካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐሮች በእጁ እያስተካከለ የአድራሻና የኢንተረፕት ቁጥር ይመድብ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም አድራሻዎቹን እየዳበሰ ከሚያገኘው ምላሽ ይገምታል። ዳበሳው አደጋ ነበረበት፤ የኔትወርክ ካርድ ለመፈለግ የተላከ ምልክት በሌላ ካርድ ላይ ቢያርፍ ማሽኑ ጨርሶ ሊቆም ይችላል። ሊኑክስ በሚነሣበት ጊዜ የተወሰኑ አድራሻዎችን እንዳይነካ ማዘዝ እንዲቻል የተደረገው በዚሁ ሥጋት ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ፒሲአይ ይህን ሁኔታ ለወጠው። በአዲሱ ደንብ እያንዳንዱ መሣሪያ 256 ባይት የሚሆን የማንነት መዝገብ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ 16 ቢቶች የአምራቹን መለያ ቁጥር፣ ቀጣዮቹ 16 ቢቶች ደግሞ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ይሰጣሉ። መሰኪያው ባዶ ከሆነ ሁሉም ቢቶች 1 ሆነው ይነበባሉ። በዳበሳ ፈንታ ጥያቄና መልስ ተተካ።

ሆኖም መልሱ ቁጥር ብቻ ነበር። 8086 የኢንቴል መለያ ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ዝነኛ ፕሮሰሰር ያስታውሳል። ይህን ግን ማሽኑ አይነግረንም። ለአምራቾች ቁጥር የሚያድለው የኢንዱስትሪው ማኅበር ሲሆን፣ የየመሣሪያውን ቁጥር የሚመድበው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የቁጥሩ ፍቺ በአምራቹ እጅ ይቀራል።

የቼኩ ፕሮግራመር ማርቲን ማሬሽ በ1990ዎቹ መገባደጃ ያዘጋጀው ፒሲአይዩቲልስ የተባለ የፕሮግራሞች ጥቅል የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ኤልኤስፒሲአይ የጥቅሉ አካል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ፋይሎችን ከሚዘረዝረው የዩኒክስ ትእዛዝ ከኤልኤስ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚጓዝ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ በአንድ ወገን ቁጥር፣ በሌላው ወገን ስም የሰፈረበት። ፋይሉን ያሳደጉት ስም የሌለው ቁጥር ባጋጠማቸው ጊዜ አጣርተው የላኩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

«ዋናውን ሥራ የሠራው የፒሲአይ ደንብ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም» የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። ሙግቱ ከፊል እውነት አለው። የሊኑክስ ከርነል መሣሪያን ከድራይቨሩ ጋር የሚያገናኘው በቁጥሩ ነው፤ ስሙን አይፈልገውም። ስሙ የሚያስፈልገው ለሰው ነው። ሰነዱ የጠፋበትን ማሽን የሚጠግን ሰው፣ የትኛውን ድራይቨር እንደሚሻ ለማወቅ፣ ችግሩንም ለሌላ ለማስረዳት፣ አስቀድሞ የመሣሪያውን ስም መያዝ አለበት። ስም ማወቅ ብቻውን መሣሪያውን አያሠራም፤ ያለ ስም ግን ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም።

ኋላ የመጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መዝገቡን ወደ 4096 ባይት ቢያሰፋውም የመጀመሪያዎቹን መለያዎች በቦታቸው ተዋቸው። በመሆኑም ያ ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል። ፕሮግራሙን ያቆየው የደንቡ ጽናት ነው፤ ጠቃሚነቱን ያቆየው ግን በየጊዜው የሚታደሰው የስም ዝርዝር ነው። የቴክኖሎጂን ታሪክ የምታጠኑ ሁሉ ከፈጠራው ጎን ይህን መሰሉን የመዝጋቢዎች ሥራ እንድትቆጥሩ አደራ እላለሁ። ደንብ አውጪው ለመሣሪያው ቁጥር ሰጠው፤ ቁጥሩን የሁላችን ዕውቀት ያደረጉት ግን ስሙን በግልጽ ጽፈው ያኖሩት ናቸው።