ብቸኛው መንገደኛ በሮማ ከተማ

ስለ ሮማ የተጻፉ የመንገደኛ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፍርስራሹ ነው፤ ኮሎሴኦን፥ ፎሮን፥ ፓንቴዎንን በተራ ይቈጥራሉ። ለብቻው ለመጣ ሰው ግን የመጀመሪያው ነገር ይህ አይደለም። እርሱ የሚፈልገው ማደሪያ፥ ቋንቋውን የሚሰማ ሰውና የሚያንኳኳው በር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው አንዱን በር ነው፤ ይኸውም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሮማ ተሳላሚ የሚጐርፍባት ከተማ ስለ ነበረች፥ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ለወገኖቻቸው የእንግዳ ማረፊያ አቁመውባት ነበር። ጀርመኖች ከናቮና አደባባይ አጠገብ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። ኢትዮጵያውያንም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ከነማረፊያው አገኙ፤ ጣልያኖች እስከ ዛሬ ድረስ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» እያሉ ይጠሩታል። ከአገሩ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ መነኩሴ፥ ከዚያ ወዲያ ባሕር ተሻግሮ ኢጣልያ ሲገባ፥ በዚያ ሁሉ የባዕድ ከተማ መካከል ግዕዝ የሚጸለይበት አንድ ቤት ያገኝ ነበር።

ቤቱ የጠቀመው ግን ኢትዮጵያውያንን ብቻ አልነበረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ሮማ ሳለ ኢትዮጵያውያን ሲጸልዩ ሰማ፤ ከማያውቀው ቋንቋ መካከል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ። ነገሩ ስለ ገረመው ሄዶ ተጠጋቸው፥ ከእነርሱም ተማረ፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ከኢትዮጵያ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ መስሎት ነበር፤ ስሕተቱ የሚያስቅ ቢሆንም ሥራውን አላበላሸበትም። ከዚያም በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ቤት ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ፥ አሳታሚዎቹ ለስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። የሙያው ችግር ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የኤርፉርት ተወላጅ ሮማ ገባ። ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። የመጣውም ስለ ኢትዮጵያ ለመመራመር አልነበረም፤ በፓሪስ የነበረው የስዊድን አምባሳደር፥ ሮማ ውስጥ ቀርተዋል የተባሉ የስዊድን የታሪክ ወረቀቶችን እንዲፈልግ ልኮት ነው። ወረቀቶቹን አላገኛቸውም። ግዕዝን ግን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ለብቻው ተምሮ ስለ ነበር፥ የሐበሾችን ቤት ጠይቆ ሄደ።

የዚያን ጊዜ ከናቮና አደባባይ ተነሥቶ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ያይ እንደ ነበረ የከተማዋን ካርታ ዘርግተን መከተል እንችላለን። በአደባባዩ ላይ የበርኒኒ ታላቅ ፏፏቴ ገና በመሠራት ላይ ነበር፤ ሥራው በ1651 አለቀ። በፏፏቴው ዙሪያ አራት ወንዞች በሰው አምሳል ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ዓባይ ነው። ራሱ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ የተሸፈነውም ምንጩ ስላልታወቀ ነው ይባላል። መንገደኛው ከዚያ ተነሥቶ የቅዱስ መልአክን ድልድይ ተሻግሮ፥ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ወደ ኋላው ቢዞር፥ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሩ ሄዶ የግዮንን ምድር ከሚያውቁ ሰዎች ደጅ ይደርስ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በ1618 አይቶ መጻፉን፥ ጽሑፉንም አታናስዮስ ኪርከር እዚያው ሮማ ማሳተሙን ስናስብ፥ ጨርቁ ይበልጥ ያስገርመናል። ኪርከር እኮ በፏፏቴው ላይ ስለ ቆመው ሐውልት አማካሪ የነበረ ሰው ነው!

በቤቱ ሉዶልፍ ካገኛቸው ሰዎች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ በኋላ የተሰደዱ ካቶሊክ ነበሩ። ሉዶልፍ ግዕዝ መማር እፈልጋለሁ ቢላቸው፥ መነኮሳቱ ይህ ከኢትዮጵያ ውጭ አይሆንም አሉት። መጽሐፍ አንሥቶ ሲያነብ ተደነቁ፤ አነጋገሩን ሲሰሙ ግን ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ከዚያ ሳቅ በኋላ ጥናቱ ተጀመረ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጠራቸው። ያን ጊዜ ብቸኛው መንገደኛ እርሳቸው ሆኑ። የአልፕስን ተራሮች አልፈው፥ ከሉዶልፍ በቀር ቋንቋቸውን የሚሰማ በሌለበት ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ተቀመጡ፤ መስፍኑ ስለ አገራቸው የሚጠይቃቸውን ሁሉ እየመለሱ፥ ለሉዶልፍም ግዕዝና አማርኛ እያስረዱ ሰነበቱ። ሉዶልፍ በ1681 «የኢትዮጵያ ታሪክ»ን፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውን አሳተመ።

ብዙ ሊቃውንት የኢትዮጵያ ጥናት አባት ሉዶልፍ ነው ይላሉ፤ ስለዚህም ጥናቱ በጀርመን እንደ ተወለደ ይነገራል። እኛ ግን የተወለደው በዚያ በሮማ የእንግዳ ማረፊያ ነው እንላለን፤ አባት ከተባለም አባቶቹ ሁለት ናቸው። ሉዶልፍ ራሱ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን አልሸሸገም፤ ስማቸውን በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ ይጠራል፥ ሥዕላቸውንም በ1691 በታተመው ማብራሪያው አስገብቷል። ስሙን የጣሉት ከእርሱ በኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው፤ ከሽፋኑ አልፈው ስለማያነቡ።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በእስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ቤቱ ከ1929 ወዲህ በቫቲካን መንግሥት ክልል ውስጥ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለብቻው የመጣ መንገደኛ ያለ ፈቃድ ደጁን ሊያንኳኳ አይችልም። ናቮና አደባባይ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ዓባይም ራሱን እንደ ተሸፈነ እዚያው ተቀምጧል።