ችግኝ ጠባቂ ባክቴሪያዎች

ችግኝ ጠባቂ ባክቴሪያዎች የሚባሉት በዘር ወይም በሥር ላይ ተቀብተው፣ አለዚያም ከመደብ አፈር ጋር ተደባልቀው ቡቃያን ከአፈር ወለድ በሽታ የሚከላከሉ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። አብዛኞቹ የሱዶሞናስና የባሲለስ ወገን ናቸው። የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ዘር ከሚጠቀሙበት ራይዞቢየም ጋር መምታታት የለባቸውም። ራይዞቢየም ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ሰብሉን ይመግባል፤ የእነዚህ ዋና ሥራ ግን ጠላትን መከላከል ነው።

ዋናው ጠላት የችግኝ አበስብስ የተባለው በሽታ ነው። ዘሩ ከመሬት ሳይወጣ በስብሶ ይቀራል፤ ከበቀለም ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ውሃ ቋጥሮ ይቀጥንና ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ችግኙ ይወድቃል። በቲማቲም ወይም በቃሪያ መደብ አንድ ጥግ ላይ የጀመረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰፊ ቦታ ባዶ ያደርጋል። ከዋነኞቹ አጥፊዎች ፒቲየም ውሃ የሚቋጥር አፈር ይወዳል፤ ራይዞክቶኒያ የተባለው ፈንገስ ደግሞ በጥጥ ቡቃያ ግንድ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀይ ቡናማ ቁስል ያወጣል።

ዘር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስኳርና አሚኖ አሲድ ወደ አፈሩ ያፈስሳል። ፒቲየም ይህን ምግብ ተከትሎ በሰዓታት ውስጥ ዘሩ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ባክቴሪያው ቀድሞ ዘሩ ላይ መስፈር አለበት፤ የዘዴው ስኬትና ውድቀት ከምንም በላይ በዚህ ቅድሚያ ይወሰናል። ከወደቀ ችግኝ ሥር ባክቴሪያ ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሠራሩን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ቴክሳስ በጥጥ ላይ የተካሄደው ነው። ሃውልና ስቲፓኖቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ከጥጥ ቡቃያ ሥር ዙሪያ ፒኤፍ-5 የተባለ የሱዶሞናስ ዝርያ ለይተው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ውጤት፣ ራይዞክቶኒያ ባለበት አፈር ከተዘሩት መካከል በሕይወት የተረፉት ቡቃያዎች ዘሩ ባክቴሪያ ሲቀባ ከ30 ወደ 79 በመቶ ከፍ አሉ። በዓመቱ በፒቲየም ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ከ28 ወደ 71 በመቶ አደረሳቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የመሣሪያው አከፋፈል ነው። ባክቴሪያው ፒሮልናይትሪን የተባለ አንቲባዮቲክ ያመነጫል፤ ይህ ራይዞክቶኒያን ሲገታ ፒቲየምን አይነካም። ፒዮሉቲኦሪን የተባለው ሌላው ምርቱ ደግሞ ፒቲየምን ሲገታ ራይዞክቶኒያን አይነካም። አንድ ባክቴሪያ ለሁለት ጠላት ሁለት መሣሪያ ይዞ ተገኘ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ አንቲባዮቲኮቹን ብቻቸውን አጣርተው ዘር ላይ ሲቀቡም ቡቃያው በመትረፉ፣ ጥበቃው ከየት እንደሚመጣ ጠንካራ ማስረጃ አገኙ። ፒኤፍ-5 ዛሬ ሱዶሞናስ ፕሮቴጀንስ በሚለው ስም ይመደባል።

አንቲባዮቲክ ብቸኛው መንገድ አይደለም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች በሥር ዙሪያ ያለውን ብረት ለራሳቸው ጠቅልለው በሽታ አምጪውን ያስርባሉ፤ ሌሎቹ የተክሉን የራሱን መከላከያ ያነቃሉ።

ችግሩ ከቤተ ሙከራ ወደ ማሳ ሲወጡ ይጀምራል። በስንዴ ሥር ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አንዳንድ የሱዶሞናስ ዝርያዎች በሽታ ለመግታት በአንድ ግራም ሥር ወደ 100,000 ያህል ሆነው መስፈር አለባቸው። ድርቀትና ሙቀት ይህን ቁጥር በቀላሉ ያወርደዋል። ሱዶሞናስ ስፖር ስለማይሠራ በመጋዘን ቶሎ ይሞታል። ባሲለስ ግን ድርቀትን የሚቋቋም ስፖር ስላለው ለንግድ ይመቻል፤ ጂቢ03 የተባለው የባሲለስ ዝርያ በአሜሪካ ከፀረ ፈንገስ ኬሚካል ጋር በጥጥ ዘር ላይ ውሏል። ስዊድን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴዶሞን የተባለ የሱዶሞናስ ምርት ለገብስ ዘር አቅርባለች፤ ባክቴሪያው ዘይት ውስጥ ተደርጎ ነው የሚቀባው። በእጅ ሲሠራ ባክቴሪያውን የያዘው ዱቄት በሚያጣብቅ ፈሳሽ ዘሩ ላይ ይለወሳል፣ ጥላ ሥር ይጠነፈፋል፣ ሳይውል ሳያድር ይዘራል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዘር ባክቴሪያው ይሞትበታል።

ለሰብል የሚበጅ ሁሉ ለሰው አይበጅም። ቡርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የተባለው የባክቴሪያ ቡድን በችግኝ ጥበቃ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ነበር፤ ነገር ግን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም የተያዙ ሰዎችን ሳንባ ክፉኛ ያጠቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ደንብ፣ ይህን የባክቴሪያ ቡድን ለአዲስ የንግድ አገልግሎት ለማዋል የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሳውቀው አዟል።