ካርዲፍ ያልጠራችው የክንፍ ተጫዋች፦ ቢሊ ቦስተን በሁለቱ የራግቢ ዓለማት

መግቢያ

የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች አንድን ተጫዋች ሲመዝኑ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት በመዝገብ የሰፈረውን ቁጥር ነው። የዌልሱ ተወላጅ ቢሊ ቦስተን በዚህ ሚዛን የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው። በራግቢ ሊግ 571 ትራይ አስቆጥሯል፤ ማለትም ኳሷን ከተቃራኒው ቡድን የግብ መስመር ባሻገር ይዞ ገብቶ 571 ጊዜ መሬት አስነክቷል። በዚህ የሚበልጠው አውስትራሊያዊው ብራያን ቤቫን ብቻ ነው። ቦስተን ጨዋታውን የጀመረው ግን በሌላው የራግቢ ዓይነት፣ በዩኒየን ነው፤ በዚያ በኩል የዌልስን ዋና ብሔራዊ ቡድን ማልያ አንድም ቀን አልለበሰም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ይህ ባዶ ገጽ እንደ ሞላው ገጽ ሁሉ ታሪካዊ ማስረጃ መሆኑን ማሳየት ነው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክፍፍሉ መነሻ

የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተወካዮች ነሐሴ 29 ቀን 1895 በሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከራግቢው የበላይ አካል ተለዩ። የጠቡ ምክንያት ገንዘብ ነበር። በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ የሚሠሩ ተጫዋቾች ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጥባቸው ነበር፤ ክለቦቹ ይህ እንዲካካስላቸው ቢጠይቁም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ተገንጣዮቹ የመሠረቱት ማኅበር በ1906 የተሰላፊዎችን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አደረገ፤ በ1922 ደግሞ ራግቢ ሊግ የሚለውን ስም ያዘ።

ዩኒየን እስከ 1995 ድረስ በአማተርነት ሕጉ ጸና። ከሊግ ክለብ ጋር የፈረመ ተጫዋች ከዩኒየን ዕድሜ ልኩን ይታገድ ነበር። ዌልስ በዩኒየን በኩል ብትቀርም ተጫዋቾቿ በአብዛኛው የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። የሰሜን ክለቦች መልማዮች ጥሬ ገንዘብ ይዘው ወደ ዌልስ መመላለሳቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ታይገር ቤይ

ቦስተን ነሐሴ 6 ቀን 1934 በካርዲፍ ወደብ አጠገብ፣ ታይገር ቤይ ተብሎ በሚታወቀው የቢውትታውን ሰፈር ተወለደ። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ የንግድ መርከብ ባሕርተኛ፣ እናቱ የአየርላንድ ዝርያ ያላት የካርዲፍ ሴት ነበረች፤ እሱም ከአሥራ አንድ ልጆች አንዱ ነው። ሰፈሩ የምዕራብ አፍሪካ፣ የሶማሊያ፣ የየመንና የካሪቢያን ሰዎች ከዌልስና ከአየርላንድ ተወላጆች ጋር ተጋብተው የኖሩበት ነው። ከሰፈሩ ውጭ ግን ሁኔታው ሌላ ነበር፤ ሰኔ 1919 በከተማው በጥቁሮችና በዐረቦች ላይ የተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ቦስተን ሰፈሩ ውስጥ በተመሠረተው የካርዲፍ ኢንተርናሽናል አትሌቲክ ክለብ ተጫወተ፤ ለኒዝ ክለብም ተሰልፏል። ምኞቱ ለካርዲፍና ለዌልስ መጫወት ነበር። የካርዲፍ ክለብ ሜዳ ከቤቱ በእግር የሚደረስ ቢሆንም ክለቡ አልጠራውም።

ወደ ሰሜን

ለብሔራዊ ውትድርና ግዴታው ወደ ዮርክሽር ሲሄድ በካተሪክ የጦር ሠፈር ለሮያል ሲግናልስ ቡድን ተጫወተ። በ1952–53 የውድድር ዘመን ለዚህ ቡድን ከ100 በላይ ትራይ ማስቆጠሩ የሊግ ክለቦችን ዓይን ሳበ። መጋቢት 13 ቀን 1953 ለዊጋን በ3,000 ፓውንድ ፈረመ። ቤተሰቡ እንደሚተርከው እናቱ ይህን ያህል የጠየቀችው መልማዮቹ ደንግጠው እንዲሄዱ ብላ ነበር፤ እነሱ ግን ተስማሙ። በዚያ ፊርማ የዩኒየን በር ለዘለቄታው ተዘጋበት።

በመጀመሪያ ለዊጋን ተጠባባቂ ቡድን ሲሰለፍ እሱን ለማየት ከ8,000 በላይ ተመልካች ወጣ። በ1954፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የታላቋ ብሪታኒያ ሊግ ቡድን ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሲጓዝ ተመረጠ፤ በእንዲህ ያለ ጉዞ የተካተተ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋችም ሆነ። በ18 ጨዋታዎች 36 ትራይ አስቆጠረ፤ ከነዚህ አራቱ በኦክላንድ በኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ላይ በአንድ ጨዋታ የተገኙ ናቸው። ለዊጋን በ488 ጨዋታዎች 478 ትራይ ሲያስመዘግብ፣ ከክለቡ ጋር በ1958፣ በ1959 እና በ1965 የቻሌንጅ ዋንጫን፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ደግሞ በ1960 የዓለም ዋንጫን አነሣ። ለክንፍ ተጫዋች ብርቅ የሆነ ጉልበት ከፍጥነት ጋር ስለተሰጠው ተከላካዩን አልፎትም ጥሶትም መሄድ ይችል ነበር።

ገንዘብ ወይስ ቀለም?

ወደ ሰሜን የሄዱ ነጭ የዌልስ ተጫዋቾችም ብዙ ስለሆኑ ነገሩን የሚያስረዳው ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ልዩነትን ያሳያል። ሉዊስ ጆንስ በ1952 ወደ ሊድስ የሄደው ለዌልስና ለዩኒየኑ ጥምር ቡድን ለብሪታኒያ ላየንስ ከተጫወተ በኋላ ነው፤ ገንዘቡን የመረጠው ክብሩን አግኝቶ ነበር። የታይገር ቤይ ልጆች የሄዱት ክብሩን ሳያዩ ነው። ከቦስተን ሌላ ጆኒ ፍሪማንና ኮሊን ዲክሰን ወደ ሃሊፋክስ ክለብ አመሩ። ከካርዲፍ ስፕሎት ሰፈር የወጣው ክላይቭ ሰሊቫን በ1972 የታላቋ ብሪታኒያ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሣ። የዌልስ ዩኒየን ቡድን ግን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1983፣ ማርክ ብራውንን ሲመርጥ ነው። በአንድ ከተማ እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ተከታትሎ ሲታለፍ የአንድ መራጭ የግል ስሕተት ነው ማለት ያስቸግራል።

ሊግንም ከአድልዎ የጠራ አድርጎ መሳል ትክክል አይሆንም። በ1957 ከአውስትራሊያው የዓለም ዋንጫ በኋላ የብሪታኒያ ቡድን ለማሳያ ጨዋታዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያመራ፣ ቦስተን በአፓርታይድ ምክንያት ተለይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቡድኑ ያለ እሱ ጉዞውን ቀጠለ። ሊግ ለቦስተን ሜዳውን ከፈተለት፤ በፈተናው ሰዓት ግን ከጎኑ አልቆመም።

ማጠቃለያ

ዕውቅናው በዝግታ መጣ። በ2016 በዊጋን ሐውልት ቆመለት። በካርዲፍ ወደብ ከሰሊቫንና ከሌላው የካርዲፍ ልጅ፣ ከሊግ ተጫዋቹ ገስ ሪስማን ጋር የሚያሳየው ሐውልት የተመረቀው ግን በ2023 ነው፤ ከዊጋን ፊርማው 70 ዓመት በኋላ። በሰኔ 2025፣ በ90 ዓመቱ፣ የፈረሰኛነት ማዕረግ ተሰጠው። ሊግ ከተመሠረተ 130 ዓመት ገደማ ሆኖት ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው የሊግ ተጫዋች እሱ ነው።

እነዚህ ክብሮች ይገቡታል፤ የጠፋውን ግን አይተኩም። የአማተር ሕጉ ድሃውን ተጫዋች በገንዘብና በአገሩ ማልያ መካከል እንዲመርጥ አስገደደው፤ የቀለም አድልዎው ደግሞ ለጥቁሩ ልጅ ምርጫውን ራሱን ነፈገው። ስለዚህ የዌልስ ራግቢ ታሪክ በዩኒየን ማልያ ብቻ ሲጻፍ ጎደሎ ነው፤ የቦስተን ስምም ከታላላቆቹ የዌልስ የክንፍ ተጫዋቾች ተርታ መስፈር አለበት።